«በር ሳያንኳኳ የገባ…» ያጨበጨባችሁ እስቲ ውጡ

የሆጤዋ፦ ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ትናንት ስለ ሕገ ወጥ ስደት በተጠራ ስብሰባ ላይ አንዱ ማይክ ይዞ «በር ሳያንኳኳ የገባ ሰው ለሚደርስበት ነገር ባለቤቱን አይወቅስም» አለ። ነገሩ ስለ ሳዑዲ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ልጃቸው በየመን በኩል ወጥቶ የቀረባቸው ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ካጨበጨቡት እዚህ ግሩፕ ውስጥ ያላችሁ አታፍሩም?

የሸዋበር ነጋዴ፦ እኔ አለሁ፤ ነገም አጨበጭባለሁ። ሳዑዲ ድንበር አላት፣ ቪዛ አላት፣ ኢቃማ የሚባል የመኖሪያ ፈቃድ አላት። የኔም ሱቅ በር አለው። ደግሞ ሁለቱ ሐረሞች፣ መካና መዲና፣ ያሉበትን አገር ስም በየቀኑ ማጉደፍ ምን የሚሉት ነው?

የሆጤዋ፦ ሱቅህ ሳያንኳኳ የገባን ሰው እግርህን ልምታ ወይስ እጅህን ብለህ ታስመርጠዋለህ? የመብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት ላይ፣ ከየመን ሲሻገሩ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ተኩሰውባቸው የተረፉት ኢትዮጵያውያን የተናገሩት ይህንን ነው። በመቶዎች ሞተዋል ይላል። በጥይት ብቻ አይደለም፣ በከባድ መሣሪያ ጭምር።

የሸዋበር ነጋዴ፦ ሳዑዲ መሠረተ ቢስ ነው ብላለች። የኛም ውጭ ጉዳይ ከነሱ ጋር አጣራለሁ ብሏል።

የሆጤዋ፦ የተጣራበትን ወረቀት እዚህ ለጥፍልን እንጂ!

ያሲን ጠበቃው፦ ነገር አታቀላቅሉ። ድንበር መጠበቅ የማንም አገር መብት ነው፤ ያለ ፈቃድ የገባን መመለስም እንደዚያው። በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ የጮህነው በአያያዙ ነበር። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት አልፈረመችም፤ እሱን ልቀበልህ። የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱን ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ተቀብላለች። አንቀጽ 3ን አንብበው፤ ሰው ስቃይ ወደሚጠብቀው አገር አይመለስም ይላል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ላይ ከባድ መሣሪያ መተኮስ ደግሞ ከነጭራሹ የድንበር ጥበቃ ሥራ አይደለም።

ሙሄ ሾፌር፦ እኔ የምለው፣ በሩ የት ነው? ማንኳኳት ማለት በኮንትራት መሄድ ከሆነ የ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 8ኛ ክፍል የጨረሰ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የያዘ ብሎ ነበር። የገጠር ልጅ ከየት ያመጣዋል? ወንዱንማ በኮንትራት ማን ይጠራዋል? ከባቲ ወደ ሚሌ በሌሊት ስወርድ መብራቴ የሚያገኛቸው ልጆች ሸበጥ አድርገው፣ በባዶ የዘይት ጀሪካን ውሃ በገመድ አንግተው ነው የሚሄዱት። የጅቡቲዋን ወደብ ኦቦክን የሚያውቁት በስም ነው። በ2006 የቤት ሠራተኛ ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄድ ሲታገድ የከበረው ደላላው ነው።

የሸዋበር ነጋዴ፦ እንግዲያው ደላላውን ያዙታ! በነገራችን ላይ ሙሄ፣ እነዚያን ልጆች በመብራት ብቻ ነው ያየሃቸው? ጭነህ አታውቅም?

ሙሄ ሾፌር፦ ወላሂ አንድ ሰው ጭኜ አላውቅም! ይህን አሁኑኑ አጥፋው።

ጋሽ መሐመድ፦ ልጆች ተረጋጉ። ሐረም ካነሣችሁ የኛን ንጉሥ ነጃሺንም አንሡ። ሰሃቦች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ወደኛ አገር ሲሰደዱ የመካ ቁረይሾች እጅ መንሻ አስይዘው «መልሱልን» ብለው መልእክተኛ ላኩ። ንጉሡ ምን አደረጉ? መጀመሪያ የስደተኞቹን ተናጋሪ ጃዕፈርን አስቀርበው ሰሙት። እጅ መንሻውን የመለሱት ከሰሙ በኋላ ነው።

የሸዋበር ነጋዴ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ እነሱ ለዲናቸው ነው የተሰደዱት። የኛዎቹ ለሪያል ነው።

ያሲን ጠበቃው፦ ሳትሰማ እንዴት አወቅህ? በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከከተማ የወጣው ልጅ ለሪያል ነው የወጣው? አንተ ራስህስ ሱቅህን ዘግተህ የት ነበርክ?

የሸዋበር ነጋዴ፦ እኔ አዲስ አበባ ነው የሄድኩት። በአገሬ!

ኮምቦልቻ 03፦ ሥራ እኮ እዚሁ አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰው ይፈልጋል። ደሴዎች ግን ወሬ ትወዳላችሁ።

የሆጤዋ፦ የፓርኩ ደሞዝ የቤት ኪራይ ይችላል? እስቲ ወር ሠርተህ ንገረን።

የሸዋበር ነጋዴ፦ ኪራይ ካነሣሽ ይነሣ! ክረምት ላይ «ከወለጋ የመጣው ተፈናቃይ ኪራይ አስወደደብን» ብለሽ እዚሁ የጻፍሽው ማን ናት? ሀይቅ ከተማ መጠለያ ያሉት የገዛ አገራቸው ሰዎች ናቸው፤ በር አንኳኩ አልተባሉም። ለሪያድ ሲሆን ርኅራኄ፣ ለሰፈርሽ ለሆጤ ሲሆን ሒሳብ!

የሆጤዋ፦ ኪራይ ተወደደ አልኩ እንጂ ተኩሱባቸው አልኩ? ሁለቱ አንድ ከሆነብህ እኔ ምን ላድርግህ።

ያሲን ጠበቃው፦ እሱ ራሱ ነው እኮ ነገሩ። በዋጋ ማማረርም፣ ኮታ ማውጣትም፣ ቪዛ መከልከልም የፖሊሲ ጉዳይ ነው፤ ያከራክራል። አውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ላይ «ሰዎቻችሁን አልተቀበላችሁም» ብሎ ቪዛ አጥብቆብናል፤ ተናደድን፣ ግን ሰው አልሞተበትም።

የሸዋበር ነጋዴ፦ አውሮፓ ሲሆን «ፖሊሲ»፣ ዐረብ ሲሆን «ወንጀል»። ገባኝ።

ያሲን ጠበቃው፦ ሜዲትራኒያን ላይ ስለሚደረገውም እጽፍልሃለሁ። እዚያም አታጨበጭብ።

ኮምቦልቻ 03፦ ፓርኩን የጠየቀኝ የለም?

ሙሄ ሾፌር፦ ሁላችሁም ቆዩ! «ጭነህ አታውቅም» ያለው ሰው ጽሑፉን አላጠፋም። ነገ መናኸሪያ ውስጥ ይሄ ስም ሆኖ ይቀርብኛል።

የሸዋበር ነጋዴ፦ ጠየቅኩህ እንጂ ጫንክ አላልኩም። ጥያቄ ይጠፋል እንዴ?

ሙሄ ሾፌር፦ ነገ ሱቅህ እመጣለሁ። አንኳኩቼ ነው የምገባው፣ አትስጋ።