«ካን ዩ ፒክ አፕ ሳተርዴይ?» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ብዙ አልቆየሁም። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት፣ ሥራ ጀምሬያለሁ። እንግሊዝኛ አገር ቤት ተምሬያለሁ፣ ማንበቡ ብዙም አያስቸግረኝም። ያስቸገረኝ ይሄ «ፒክ አፕ» የሚሉት ነገር ነው። እኔ የማውቀው ፒክ አፕ ከኋላ ዕቃ የሚጫንበት መኪና ነው። እዚህ ግን በየቀኑ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣብኛል።

ዛሬ ጠዋት ሱፐርቫይዘሬ «ካን ዩ ፒክ አፕ ሳተርዴይ፣ ስሪ ቱ ኢለቨን?» የሚል ቴክስት ላከችልኝ። ቅዳሜ ማንን ነው የማመጣው? መኪና እንኳ የለኝም። ከልጄ ትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት ላይ ደግሞ «ኦቶራይዝድ ፒክአፕ» የሚል ባዶ መስመር አለ፣ ሙዪ ይላል። ፋርማሲው በበኩሉ «ሬዲ ፎር ፒክአፕ» ብሎ ጽፎልኛል። ይባስ ብሎ አብራኝ የምትሠራ ልጅ «አይ ፒክት አፕ ሰም አምሃሪክ ፍሮም ዩ» ብላኝ ሳቀች።

ሁሉንም ባታስረዱኝም የቅዳሜውን ንገሩኝ። እስከ ማታ መልስ ትጠብቃለች።

የሌሊት ፈረቃ

እህቴ፣ አትጨነቂ፣ ማንንም አታመጪም። ቅዳሜ ሰው ጎድሏቸዋል፣ ሺፍቱን (ፈረቃውን) መሥራት ትችያለሽ ወይ ነው የምትልሽ። እኛ ሥራ ላይ «ፒክ አፕ» ማለት በፕሮግራምሽ ያልነበረ ሺፍት መውሰድ ነው። ዓመቱን ሙሉ የምትሰሚው ቃል ይሄ ነው፣ ልመጂው።

ሰዓቱንም አስተውዪ። ስሪ ቱ ኢለቨን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 እስከ ማታ 5 ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት መስሎሽ እንዳትሄጂ።

መልስ ከመስጠትሽ በፊት ሁለት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ ይሄ ጥያቄ ነው። «ካን ዩ» እስካለች ድረስ አልችልም ማለት ትችያለሽ፣ ነውር የለውም። «ዩ አር ሜንዴትድ» ካሉሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሺፍትሽ አልቆ ተተኪ ሳይመጣ ሲቀር ነው፣ የግድ ቆዪ ማለት ነው። ሁለቱን አታምታቺ።

ሁለተኛ፣ ኦቨርታይም እንደሚሆን ጠይቂ። በፌዴራል ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራሽው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም ግን ከሠራተኛው ጋር አስቀድመው ከተስማሙ ሌላ አቆጣጠር መከተል ይችላሉ። በዚያኛው በቀን ከ8 ሰዓት ወይም በ14 ቀን ከ80 ሰዓት ያለፈው ነው ኦቨርታይም የሚባለው። ያንቺ በየትኛው እንደሚቆጠር ኤችአር (የሠራተኞች ጉዳይ ቢሮው) ይነግርሻል። ሰው ዝም ብሎ ሺፍት ይሰበስብና ደመወዝ ሲወጣ ይናደዳል።

አዲስ ገቢ

እግዜር ይስጥልኝ! እንግዲያው «የስ፣ አይ ካን ፒክ አፕ ኢት» ብዬ ልላክ?

መምህር ከአዲስ አበባ

ከመላክሽ በፊት ትንሽ ላርምልሽ። «ፒክ ኢት አፕ» ነው የሚባለው፣ «ኢት» መሐል ትገባለች። «ሂም»፣ «ኸር»፣ «ዜም»፣ «ዩ» ሁሉ እንደዚያ ናቸው። «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ» ይባላል እንጂ «ፒክ አፕ ዩ» አይባልም። ነገሩ በስሙ ከተጠራ ግን ሁለቱም ያስኬዳል። «ፒክ አፕ ዘ ሺፍት» ብትዪም «ፒክ ዘ ሺፍት አፕ» ብትዪም ልክ ነሽ።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ነገር አለ። ይሄን ግስ እንደ ሃያ ቃል አድርጋችሁ አትሸምድዱት። ሥሩ አንድ ነው፣ ከመሬት ማንሳት። ስልኩን አንሳ እንደምንለው «ፒክ አፕ ዘ ፎን» ይላሉ። ቋንቋ «ፒክ አፕ» ማድረግም ከዚህም ከዚያም መለቃቀም ነው። ባልደረባሽ ካንቺ ጋር ስትውል አንዳንድ አማርኛ ለምዳለች። ምስጋና ነው፣ ስድብ አይደለም። ብቻ ይሄ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚማሩት አይሆንም። ሳያስቡት በጆሮ ለሚገባ ነው።

ዳላስ የሚነዳ

መምህር፣ ሥሩ አንድ ነው ያልከው ለክፍል ጥሩ ነው። ቴክስት የመጣላት ሰው ግን ከመሬት ማንሳትን አስባ ምን ልታገኝ ነው? እኔ ብሆን ከ«ፒክ አፕ» ቀጥሎ የመጣውን ቃል ብቻ እይ እላታለሁ። ሰው ከሆነ ሄደሽ ታመጪዋለሽ። ቀን ከሆነ ሥራ ነው። ምግብ ወይ መድኃኒት ከሆነ ሄደሽ ትወስጃለሽ። ምንም ካልተከተለ ደግሞ ራሱ ነገሩ እየጨመረ ነው። «ኢት ፒክስ አፕ አፍተር ናይን» ሲሉኝ ከዘጠኝ በኋላ ሥራ ይደራል ማለታቸው ነው፣ በነሱ ዘጠኝ። ነፋስም «ፒክ አፕ» ያደርጋል፣ ፍጥነትም።

የኛ ሥራ ሁለት ቃል ነው፣ ፒክ አፕ እና ድሮፕ ኦፍ። መጫንና ማውረድ። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ዳላስ (ደለስ) አየር ማረፊያ እንግዳ ልትቀበዪ ከሄድሽ መድረሻው ታች ነው፣ መነሻው ላይ። ቀድመሽ ከደረስሽ ሴል ፎን ሎት፣ መኪና ውስጥ ሆነው ስልክ የሚጠብቁበት ማቆሚያ፣ ገብተሽ ጠብቂ። በሩ ላይ ቆሞ መጠበቅ አይፈቅዱም፣ ያባርሩሻል። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ይደውልና «ፒክ ሚ አፕ አት ዶር ፎር» ይልሻል፣ ያኔ ትጠጊያለሽ።

ለጆሮሽም አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ማንም «ፒክ፣ ኢት፣ አፕ» ብሎ ቆራርጦ አይናገርም። የምትሰሚው «ፒኪዳፕ» ነው። «ፒክ ሂም አፕ» «ፒኪማፕ» ይሆናል። «ፒክ ኸር አፕ» «ፒከራፕ»፣ ያለፈው ደግሞ «ፒክታፕ»። ይሄን ብቻ በያዝሽ ግማሹ ይገለጥልሻል።

አዎ፣ ወንዶቹ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። «አይ ፒክት አፕ ኤ ገርል ላስት ናይት» ካላችሁ የታክሲ ወሬ መሆኑ ይቀርና ባር ውስጥ ሴት አግኝቼ ይዤ ሄድኩ ይሆናል። «ኤ ፓሴንጀር» በሉና ተገላገሉ።

የሁለት ልጆች እናት

ስለ ትምህርት ቤቱ እኔ ልመልስልሽ፣ ከሁሉም በላይ ቸል የማይባለው እሱ ነው። «ኦቶራይዝድ ፒክአፕ» የሚለው መስመር ላይ ካንቺ ሌላ ልጁን ከትምህርት ቤት መውሰድ የሚችለውን ሰው ስም ትሞያለሽ። እህትሽ፣ ጎረቤትሽ፣ አብራሽ የምትኖረው ልጅ፣ የምታምኛቸውን ሁሉ ጻፊ። ስማቸው መታወቂያቸው ላይ እንዳለው ይሁን። «የማሚቱ አክስት» ብለሽ ብትጽፊ በር ላይ መታወቂያ ሲጠይቋት ትመለሳለች። አንቺ እንደኛ ሺፍት የምትሠሪ ስለሆንሽ አንድ ሰው ብቻ አይበቃም፣ ሁለት ሦስት ይሁኑ። ቅዳሜን ተዪው፣ በሥራ ቀን ድንገት ሺፍት ብትወስጂ ልጁን ማን ያመጣዋል?

መኪና ስትገዢ ደግሞ ወላጆች በሰልፍ የሚጠብቁበትን «ፒክአፕ ላይን» ታያለሽ። በሌላ ቦታ ይሄው ቃል ወንድ ሴት ለመጥበስ የሚወረውራት ማባበያ ናት። የልጆቹ አባት አንድ ቀን እዚያ ሰልፍ ላይ ሆኖ ይሄን ሲሰማ በሳቅ ሊሞት ነበር።

ሌላው፣ አስተማሪዋ «ሂ ኒድስ ቱ ፒክ አፕ አፍተር ሂምሰልፍ» ብላ ብትጽፍልሽ ልጅሽ የተጫወተበትን አያነሳም ማለቷ ነው። ቀላል ነው፣ ቤት ትመክሪዋለሽ። ግን ልጁ ራሱ መጥቶ «ዘይ ፒክ ኦን ሚ» ካለሽ «አፕ» የለችበትም፣ ልብ በዪ። ልጆች ይተናኮሉኛል፣ ያስቸግሩኛል ማለቱ ነው። የዚያን ዕለት ለነገ ሳትዪ አስተማሪዋን አነጋግሪ።

ፋርማሲ ቴክኒሻን

የመድኃኒቱን በአጭሩ። «ሬዲ ፎር ፒክአፕ» ማለት ተዘጋጅቷል፣ መጥተሽ ውሰጂ ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርሺ «ፒኪንግ አፕ ኦር ድሮፒንግ ኦፍ?» ይሉሻል። ልትወስጂ ከሆነ «ፒኪንግ አፕ»፣ አዲስ ማዘዣ ልትሰጪ ከሆነ «ድሮፒንግ ኦፍ»። ቀጥሎ ስምና የትውልድ ቀን ይጠይቃሉ። የኢንሹራንስሽ ፋይል ላይ ያለውን የፈረንጁን ቀን ተናገሪ። የኛን ቀን የሚነግሩኝ እናቶች አሉ፣ ኮምፒውተሩ አያገኛቸውም።

አታቆዪው ደግሞ። አንድ ሁለት ሳምንት ካለፈው ብዙ ጊዜ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል፣ እንደገና እንዲያዘጋጁልሽ መጠየቅ ሊኖርብሽ ነው።

ለንደን ያለች

እዚህ እንግሊዝ ሰው «ፒክ አፕ» ይላል፣ ዕቃ ላይ ግን «ኮሌክት» ይበዛል። ኦንላይን አዘሽ ሱቅ ሄደሽ የምትወስጂው «ክሊክ ኤንድ ኮሌክት» ነው። እናንተ ጋ «ከርብሳይድ ፒክአፕ» የሚሉት መሰለኝ፣ እሱስ መኪናሽ ድረስ ነው የሚያመጡልሽ። ጉንፋን ወይ ሆድ ቁርጠት ሲይዛቸው ደግሞ «አይ ፒክት አፕ ኤ በግ» ይላሉ። «በግ» በእንግሊዝኛ ተባይ ነው፣ ግን ተባይ አልነካቸውም፣ በሽታ ተጋባብኝ ነው የሚሉት።

የሌሊት ፈረቃ

አንድ የረሳሁት አለ፣ እሱ ገንዘብ ስለሆነ ልጨምረው። «ቼክ»።

ቢሮ ጠርተው «ፒክ አፕ ዩር ቼክ» ካሉሽ ደመወዝሽን መጥተሽ ውሰጂ ነው። ምግብ ቤት ቁጭ ብላችሁ አንዷ «አይል ፒክ አፕ ዘ ቼክ» ካለች ደግሞ ሒሳቡን እኔ ልክፈል ማለቷ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ አንዱ ገንዘብ ይሰጥሻል፣ ሌላው ገንዘብ ያስወጣሻል። ምግብ ቤት ውስጥ ቼክ የሚሉት ቢሉን ነው። አንዳንዴም «ታብ» ይሉታል።

እኛ እንደምናደርገው እጅ ይዞ መጓተት ግን ብዙም የለም። ፈረንጇ እከፍላለሁ ካለች አንዴ «አር ዩ ሹር?» ትያታለሽ፣ ከዚያ «ቴንክ ዩ» ብለሽ ትተያለሽ። በሚቀጥለው «ማይ ተርን» ብለሽ አንቺ ትከፍያለሽ። ሦስቴ አራቴ እየማልሽ ብትከራከሪ ትደነግጣለች።

አዲስ ገቢ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ የትምህርት ቤቱን ጥሩ ነገራችሁኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ። ይቺው ሱፐርቫይዘሬ ባለፈው «ዩ ኒድ ቱ ፒክ አፕ ዘ ፔስ» ብላኝ ነበር። በፈገግታ ስለነበር ያመሰገነችኝ መስሎኝ አለፍኩት። ይሄስ?

የሌሊት ፈረቃ

ምስጋና አይደለም እህቴ፣ ፈጠን በዪ ማለት ነው። ግን አትደንግጪ፣ ለአዲስ ሰው ሁሉ ይሉታል። ለምሳሌ ጠዋት ነዋሪዎቹን አልብሶ ቁርስ ላይ ማድረስ ሲዘገይ ነው የሚሉት። እዚህ አለቃ ሲገሥጽ እንደኛ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ስለዚህ ፈገግታውን አይተሽ አትፍረጂ። ለሁለተኛ ጊዜ ካለችሽ «ዊች ፓርት ሹድ አይ ዱ ፋስተር?» ብለሽ ጠይቂያት። የትኛው ላይ እንደዘገየሽ ትነግርሻለች፣ አንቺም መማር እንደምትፈልጊ ታያለች።

መምህር ከአዲስ አበባ

እንዲህ ሰው በቀጥታ ያልተናገረውን መረዳትም «ፒክ አፕ ኦን» ይባላል። «አይ ዲድንት ፒክ አፕ ኦን ዛት» ማለት አላስተዋልኩም ነበር ነው። «ኦን» ካልተጨመረች ትርጉሙ ብዙ ጊዜ ይሄ አይሆንም። ዳላስ የሚነዳውም ልክ ነው፣ ቀጥሎ የመጣውን ማየት ያዋጣል። እኔ ግን ሥሩን አልተውም!

አዲስ ገቢ

አሁን ላክሁላት። «የስ፣ አይ ካን ፒክ ኢት አፕ። ዊል ኢት ቢ ኦቨርታይም?» ብዬ።

መልሷ ወዲያው መጣ። «ቴንክስ! ሮዛ ኦልሬዲ ፒክት ኢት አፕ።» ይሄን እንኳ ብቻዬን ገባኝ፣ ሮዛ ቀድማኛለች።

የሌሊት ፈረቃ

እንደዚህ ነው፣ ሺፍት ቶሎ ያልቃል። በግሩፕ ቴክስት ሲለቁት የመጀመሪያዋ ነች የምትወስደው። ከፈለግሽ «ሌት ሚ ኖው ኢፍ ሰንዴይ ኦፕንስ አፕ» ብለሽ ላኪላት፣ እሑድ ሰው ከጎደለ ቀድማ ላንቺ ትደውላለች። ካልፈለግሽ ደግሞ ቅዳሜን ከልጅሽ ጋር ዋዪ።