ቤቱ ተረጭቶ ትንኟ አልሞተችም፤ ቶሎ መልሱልኝ

የልጆች እናት፦
ቤታችን ከተረጨ ወር አልሞላውም። ማታ ግን የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትንኝ አርፋ አየሁ። ምንም ሳትሆን ተነስታ በረረች! ትንሹ ልጄ በቅርቡ ነው ከወባ የተነሳው። መብራት አጥፍቶ መተኛት ፈራሁ። የረጩት መድኃኒት ውኃ ነው እንዴ? የትኛውን ፍሊት ልግዛ?

ሰላም ነው፦
ማንኛውንም ፍሊት ንፊ፣ በር ዝጊ፣ ግማሽ ሰዓት ከቤት ውጪ። አለቀ።

የመስክ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ፍሊት ከመግዛትሽ በፊት ይህን አንብቢ። አጎበር የሚነከርበት መድኃኒት በብዛት ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ወገን ነው። ፍሊቱም አብዛኛው ያው ነው። መድኃኒቱ ሲነፋ ደካሞቹ ይሞታሉ፣ የምትቋቋመው ተርፋ እንቁላል ትጥላለች። ልጆቿም እንደ እናታቸው ናቸው። አንዳንዷ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም በብዛት ታመርታለች። በሌላዋ ደግሞ መድኃኒቱ የሚይዘው የነርቭ ክፍል ስለተለወጠ አይዛትም። ዲዲቲም የሚመታው ያንኑ ቦታ ነው፤ ስለዚህ አንዱን የለመደች ሌላውንም ልትችለው ትችላለች። የለመደችውን መድኃኒት ደጋግሞ መንፋት ጠንካሮቹን መርጦ ማስቀረት ነው።

ተጠራጣሪው፦
ቆይ፣ መጀመሪያ የወባ ትንኝ መሆኗን በምን አወቅሽ? የወባዋ ስታርፍ ኋላዋን ወደ ላይ ትቀስራለች። ኩሌክስ የምትባለው ሌላዋ የትንኝ ዓይነት ከሆነች ግን ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆና ታርፋለች። ደግሞ በረረች ማለት ተረፈች ማለት አይደለም። ክሎቲያኒዲን የሚባለው የርጭት መድኃኒት ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የተረጨው ምን ነበር? ግድግዳውንስ ከዚያ በኋላ ነክታችሁታል?

የልጆች እናት፦
ኋላዋን ቀስራ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ። የመድኃኒቱን ስም አልጠየቅኩም። ርጭቱ እድፍ ስለተወ ሳሎኑን ኖራ ቀባነው። አጎበሩ ግን ንጹሕ ነው፣ በየሳምንቱ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።

ሰላም ነው፦
እኔ አሁንም ፍሊት ነው የምለው።

እንቅልፍ ያጣ፦
እኔ ቤት ያለችው ጆሮዬ ሥር ነው የምታድረው፣ ኪራይ ልጠይቃት ነው 😄 ቀልዱን ትቼ፣ ነገሩ ያለው ኖራውና በረኪናው ላይ ነው። ኖራው መድኃኒቱን ሸፍኖታል፣ ትንኟ ያረፈችው ኖራ ላይ ነው። በረኪናና ፀሐይ ደግሞ የአጎበሩን መድኃኒት ይጎዱታል። አጎበር በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ ጥላ ሥር ይደርቃል። መድኃኒቱ እስከ 20 እጥበት እንዲቆይ ተብሎ ነው የሚሠራው። በየሳምንቱ ካጠብሽው አምስት ወር አይሞላም።

የመስክ ሠራተኛ፦
ልክ ነህ፣ እኔ ስለ መላመድ ሳወራ ይህን ሳልጠይቅ አለፍኩ። እህቴ፣ አሮጌውን አትጣይው። ካልተቀደደ እንደ መጋረጃ ያገለግላል። አዲስ ስትወስጂ ግን ዓይነቱን ጠይቂ። ፒቢኦ የሚባል አጋዥ ንጥረ ነገር ያለበት አጎበር ያንን መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም ያግዳል። ክሎርፌናፒር የሚባል ሌላ መድኃኒት የተጨመረበት ደግሞ ነርቭን ትቶ የትንኟን ኃይል ማመንጫ ነው የሚመታው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ትንኝ ፓይሬትሮይድን በለመደችበት አካባቢ ይህኛውን ከተራው አስበልጦ መክሯል።

አያት፦
ልጄ፣ ስለ ትንኟ ተጨነቃችሁ፣ ስለ ልጁ ማን ጠየቀ? ትኩሳት ከተመለሰበት በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። የያዘው ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ከነበረ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያለ አዲስ ንክሻም ይነሳል። ለዚያ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ሐኪሙን ጠይቂው። ዛሬ ማታም አጎበሩን ፍራሹ ሥር ጥቅጥቅ አድርጊው።

የልጆች እናት፦
እሺ እማማ። ግንባሩን ስዳስሰው ትንሽ ሞቅ ይላል። አሁኑኑ ልውሰደው።

ተጠራጣሪው፦
ምርመራው ምን አለ? ረጪዎቹስ የመድኃኒቱን ስም ነገሩሽ?

አያት፦
ልጄ፣ ሦስት ቀን ሆነሽ። ልጁ እንዴት ነው?