ፋንታሲ በአማርኛ ስንጽፍ ከክታቡና ከቡዳው እንነሳ ወይስ አዲስ ዓለም እንፍጠር?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ደሴ ፋንታሲ፣ አስማት ያለበት ምናባዊ ታሪክ ማለቴ ነው፣ የምናነብ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን እናወራለን፣ እንከራከራለን። አብዛኛው የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱም በስልክ። አሁን እኔ በአማርኛ ረዘም ያለ ታሪክ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳነብላቸው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ እናንተም ሐሳባችሁን ስጡኝ።

ታሪኩ የሚነሳው ከሐይቅ ነው። የሐይቁን ተረት የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ድሮ ቦታው ደረቅ መሬት ነበር ይባላል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፣ ፈጣሪ ተቆጣ፣ ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ሆኖ ተረፈ፣ እሱም ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ከሥር የቀሩት ሰዎች ናቸው። ልዕልቲቱ በደለች እንበል፣ ጎረቤቶቿ ምን አደረጉ? እና በእኔ ታሪክ እዚያው ከሥር አሉ፣ ይኖራሉ። ከላይ ደግሞ ክታብ ጸሐፊ አያቷ የሞተባት ልጅ አለች። ሳይጨርሰው የሞተው አንድ ክታብ እጇ ላይ ይቀራል፣ ክታቡን ያዘዘው ሰው ግን የሚኖረው ውኃው ሥር ነው።

ግማሹ ጓደኛዬ «ሸጋ ነው፣ ቀጥይ» አለ። ግማሹ ደግሞ ክታብ፣ ዛር፣ ቡዳ የምንላቸው ነገሮች ለኛ ሰው ተረት አይደሉም፣ የሚታመኑ ናቸው፣ አንባቢው እንደ ፋንታሲ አያነባቸውም፣ ሽማግሌም ይቆጣል፣ ተዪውና የራስሽን ዓለም ከነካርታው ፍጠሪ አለኝ። ከአገራችን ነገር ከራቅሁ ደግሞ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ውስጥ የአማርኛ ስም ያላቸው ሰዎች ማስገባት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። የምር አስተያየት እፈልጋለሁ።

ሐይቅ ዳር፦

እህቴ፣ ክታቡን እንዳትተዪው! እኔ ያደግሁት ክታብ ባለበት ቤት ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የውጭ ፋንታሲ የሚያነቡ ልጆች አስማቱ ሕግ አለው ወይ፣ ዋጋ ያስከፍላል ወይ እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ክታብን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይሄ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ብራናው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ነው፣ ተፍቆ፣ ተቆርጦ፣ ቁራጮቹ በጠፍር እየተያያዙ ይረዝማሉ። ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ይደረጋል፣ ከራስ እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ጽሑፉ በጥቁር፣ ስሞቹና የየክፍሉ መጀመሪያ በቀይ ቀለም። መሀል መሀሉ ላይ ዓይናቸውን ያፈጠጡ መላእክትና ጠልሰም ይሣሉበታል። በጸሎቱ ውስጥ «አመተከ እገሌ» እየተባለ የባለቤቷ የክርስትና ስም ይገባል። ሲያልቅ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ልጅ የሚሞትባት ሴት ከሆነች ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን እንዴት እንዳሸነፋት የሚናገረው ጸሎት ይጻፍላታል።

እስቲ ከዚህ ተነሺና አስቢው። ክታቡ በልጅነቷ የተጻፈላት ሴት ስታድግ ምን ይሆናል? ከክታቡ በላይ የተረፈው ስንዝር ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው? ደግሞ ከድሮ ክታቦች ውስጥ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው አሉ። ያ የተፋቀው ሰው የት ሄደ? አያትየው ያልጨረሰውን ክታብ ልጅቷ የሌላ ሰው ስም ፍቃ ብትጨርሰውስ! በዚህ ብቻ ሦስት ምዕራፍ ትጽፊያለሽ።

የሙስሊሙንም አትርሺ፣ ወሎ ነው የምትጽፊው። በአረብኛ ተጽፎ በቆዳ የተሰፋውን ክታብ እዚያው ሠፈር፣ አንዳንዴም እዚያው አንድ ዘመድ ቤት ታገኚዋለሽ። ሁለቱ ጸሐፊዎች ጎረቤታሞች ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

ሽማግሌ ይቆጣል ለሚሉሽ፦ እንግሊዛዊው የፋንታሲ ጸሐፊ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ ያሉትን የድንኮች ስም የወሰደው ከጥንት የአይስላንድ ግጥም ነው፣ ክርስትና ከመግባቱ በፊት የነበሩ አማልክት ታሪክ ከሚነገርበት። ሰውየው ግን ጥብቅ ካቶሊክ ነበር። የጥንቱን ወስዶ ሠራበት፣ ሃይማኖቱንም አልለቀቀም።

ወረባቦ፦

እኔ ከተቃዋሚዎቹ ነኝ። የጦሳ ልጅ፣ ጽሑፍሽን ለማጣጣል አይደለም፣ የውኃው ሥር ሰዎች ሐሳብ በጣም ቆንጆ ነው።

ክታቡን ተዪው፣ በሱ ብዙ አልከራከርም። ቡዳው ላይ ግን በፍጹም አልስማማም። የውጭ ጸሐፊ ስለ ድራጎን ሲጽፍ መንገድ ላይ «ያ ሰውዬ ድራጎን ነው» ተብሎ የሚሸሽ ሰው የለም። እኛ ጋ ግን ቡዳ የሚባል ጎረቤት አለ። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው ናቸው። ማረሻውን ከሱ ይገዛሉ፣ ጀበናውን ከሷ ይገዛሉ፣ ልጃቸውን ግን አይድሩላቸውም። ሕፃን ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው የማን ስም እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ጅብ ሆኖ ይወጣል የሚባለው እኮ ቀን ሲቀጠቅጥ የዋለ፣ እጁ የተቃጠለ፣ የደከመው ሰው ነው። በኛ ዘመድ ውስጥ በዚህ ወሬ ብቻ የፈረሰ ጋብቻ አለ፤ ልጅቷ ምን ያህል እንዳለቀሰች አይቻለሁ።

አንቺ አሁን ሰው ወደ ጅብ ሲለወጥ አሳምረሽ ብትጽፊ፣ መንጋጋውን፣ ዓይኑን፣ ሽታውን ሁሉ ብታሳዪ፣ አንባቢሽ መጽሐፉን ዘግቶ ሲወጣ ቀጥቃጩን በምን ዓይን ያየዋል? ጎበዝ ጸሐፊ ስትሆኚ ጉዳቱ ይብሳል።

ስለዚህ እኔ ዓለም ፍጠሪ ባይ ነኝ። መፍጠር ማለት ደግሞ የግድ አውሮፓን መቅዳት አይደለም። አሜሪካዊቷ የፋንታሲ ጸሐፊ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመችው መጽሐፍ ደሴቶቿን ከምንም ተነስታ ፈጠረች፣ ዋናውን ገጸ ባሕሪ ግን መልኩን ቀላ ያለ ቡናማ አደረገችው፣ አብዛኛውንም ሕዝብ እንዲሁ ጠቆር ያለ። በዚያ ዘመን እንደዚያ የሚያደርግ ከስንት አንድ ነበር። አንቺም ደጋና ቆላው፣ ገበያው፣ ክረምቱ የኛ የሆነ፣ ስሙ ግን ማንንም የማይነካ አገር መሥራት ትችያለሽ።

ከግሸን ማዶ፦

ሁለታችሁም ጥሩ ነገር አነሳችሁ፣ ግን የሰማይ ስባሪ የሚያህል ነገር ዘላችኋል። ወሎ እኮ ድሮውኑ የሌሎች ሰዎች ፋንታሲ ሆኗል!

አምባሰል ያለውን አምባ ግሸንን አስቡት። አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያው ገደል። ዛሬ መስከረም 21 ሕዝቡ የሚጎርፈው ለማርያም ንግሥና ለግማደ መስቀሉ ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን የነጋሢው ወንድ ዘር ሁሉ እዚያ አናት ላይ ይታሰር ነበር፣ ዙፋን እንዳይሻማ። ኢማም አህመድ እ.ኤ.አ. በ1540 አምባውን እስኪይዙት ድረስ ማለት ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ከ1520 ጀምሮ ስድስት ዓመት አገራችን ቆይቶ ስለ መሳፍንቱ ተራራ ጻፈ። ላሊበላንም አይቷል። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ስለፈራ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ ነው የጻፈው። አስቡት፣ ዓይኑ ያየውን ነገር ሰው ተረት ይለዋል ብሎ የሚፈራ ሰው!

ከዚያ ወዲያ ወሬው እየተዛመተ ሄደ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው ግጥሙ የአቢሲኒያ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን የአማራን ተራራ ከገነት ጋር አነጻጸረው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ መጀመሪያ የኢየሱሳዊውን ቄስ የሎቦን የአቢሲኒያ ጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ በ1735 አሳተመ። በ1759 ደግሞ የራሱን ራሴላስን ጻፈ፣ የአቢሲኒያ ልዑል ነው፣ በተራራ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ ሁሉ ነገር ሞልቶለት መውጣት ብቻ የሚፈልግ። አምባውን ገልብጦ ሸለቆ አደረገው፣ እስር ቤቱን ደግሞ የምቾት ቤት። ጆንሰን አገራችንን አላያትም።

እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የግሸን አቀበት ምን ያህል እንደሚያስተነፍስ የምናውቀው እኛ ነን፣ ታሪኩን የጻፉት ግን ያላዩት ናቸው። እዚያ አናት ላይ ያደገ ልጅ ከታች የሚያልፈውን ነጋዴ፣ የሚታረሰውን መሬት፣ የሰው ሰርግ ከሩቅ እያየ ይኖራል። ሚስት ቢያገባ፣ ልጅ ቢወልድ፣ ልጁም እስረኛ ነው። አንድ ቀን ንጉሡ ሞተ ይባልና መልእክተኛ አቀበቱን ሲወጣ ይታያል። ከመቶ ዘመድ አንዱ ብቻ ይነግሣል። የቀረውስ? ለዚህ ድራጎን ምን ያደርጋል?

ወረባቦ፣ አዲስ ዓለም መፍጠሩን አልቃወምም፣ ግን መሬቱ እንደዚህ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከምንም መነሳት ለምን?

ሐይቅ ዳር፦

አያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! የራሴላስን ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ግን ድራጎኑን አይግፉብኝ እንጂ። እኛም እኮ አርዌ አለን፣ እንደ ንጉሥ የገዛው ዘንዶ፣ ልጃገረድና ከብት እየተገበረለት የኖረው። አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ ያበላውን ፍየል አብልቶ ነው የገደለው ይባላል። ሰይፍ ይዞ ከሚጋልብ ፈረሰኛ ይሄኛው ብልሃት ይጥመኛል።

ቦርከና፦

እኔ አጭር ነገር ነው የምለው። ከየትም ተነሱ፣ አነጋገሩን አደራ! በአማርኛ የተሞከሩ ፋንታሲዎችን በቴሌግራም አንብቤያለሁ፣ ሁሉም ጠንቋይ «አንተ ጀግና ሆይ፣ ዕጣ ፈንታህ ይጠራሃል» ነው የሚለው። ማን ነው እንዲህ የሚያወራ? የወሎ አዛውንት ምክር ሲሰጡ መጀመሪያ ቡና ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ስለ ዝናቡ ይወራል፣ ስለ ከብቱ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ነገር በቅኔ የሚመጣው፣ እሱንም ቤትህ ስትገባ ነው የሚገባህ። የክታብ ጸሐፊው እንደዚያ ያውራ። ፈጣሪን የሚለምኑ ሰዎች ካሉሽም ወዳጃ ላይ እንደሚቀመጡት አድርገሽ አስቀምጫቸው፣ ድቤው ይሰማ፣ አቦሉ ይፍላ፣ ዕጣኑ ይጪስ።

የጦሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ማታ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ክታቡ ይቀጥላል፣ ወሰንኩ። የሐይቅ ዳርን «የተፋቀ ስም» ሐሳብ እጠቀምበታለሁ። ውኃው ሥር ያሉት ሰዎች ስማቸው ከየክታቡ የተፋቀባቸው ይሆናሉ፣ ልጅቷም አንዱን ለማውጣት ሌላ መፋቅ ይኖርባታል። አያ፣ አምባውን ለሌላ መጽሐፍ ነው የማስቀምጠው፣ እዚህ ውስጥ ብጨምረው ሁለቱም ይበላሻሉ።

ወረባቦ፣ ያንተን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቡዳውን ጨርሶ ከማውጣት ታሪኩን ከቀጥቃጩ ወገን ሆኜ ብጽፈውስ? መንደሩ ጅብ ነህ የሚለው ሰው አለ። ክታብ ጸሐፊው ድሮ የቅርብ ወዳጁ ነበር፤ መንደሩን ፈርቶ ግን ለልጁ የጀመረውን ክታብ አልጨርስልህም ብሎታል። ያ ያልተጨረሰው ክታብ የዚያ ልጅ ነው። ውኃው ሥር የሄደውም ቀጥቃጩ ራሱ ነው። የሚያስፈራው ነገር ሰዎቹ የሚያወሩት ወሬ እንጂ ቀጥቃጩ አይሆንም።

ወረባቦ፦

እንደዚህ ከሆነ እኔም አነበዋለሁ፣ ለዘመዶቼም አነብላቸዋለሁ። የወናፉን ሥራ በደንብ ካላወቅሽው ንገሪኝ፣ ቀጥቃጭ ቤት ሄደሽ ቁጭ ብለሽ እንድታዪ የሚያስተናግዱሽ ሰዎች አውቃለሁ፤ ፍሙ ሲነፋ፣ ብረቱ ሲቀላ፣ ሚስትየው ወናፉ ላይ ተቀምጣ ስታወራ ማየት አለብሽ።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። መጨረሻ ላይ አንባቢን ለማስደንገጥ ብለሽ ሰውየው እውነትም ጅብ ሆኖ እንዳይገኝ።

የጦሳ ልጅ፦

አይገኝም። ቀጥቃጭ ቤቱን መቼ ነው የምንሄደው? ቅዳሜ ከሰዓት ብንል፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ ይዤ እመጣለሁ።