ጥቆማ፦ ጅማ ላይ ለማይቆራረጥ ኢንተርኔት ብሩን የት እናውጣ?

ጥያቄ፦ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ባለ 10 ክፍል ገስት ሃውስ ልንከፍት ነው። ጓሮው ውስጥ ለብቻው የቆመ ሌላ ቤትም አለ። ዋይፋዩ እንዳይቆራረጥ እንፈልጋለን፤ በጀታችን ግን ጠባብ ነው። ምን ትሉናላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋ?» ብሎ ነው። እኔ ከመብራት እጀምራለሁ።

የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ሰፈራችሁ ከደረሰ እሱን አስገቡ። ፋይበር የመስታወት ክር ስለሆነ እንደ ድሮው የስልክ ሽቦ መብረቅ ተሸክሞ ቤት አይገባም። ሰፈሩ ቢጨልምም የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ባትሪ ካላቸው ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል። ለእነዚህ ትልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ዕቃውን በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) አትግዙ። እሱ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ያወጣል፣ የራውተሩ ቻርጀር መልሶ ያወርደዋል፤ ባትሪው መሃል ላይ በከንቱ ያልቃል። የባትሪውን ኃይል ቀጥታ ለራውተሩ የሚሰጠው ሚኒ ዩፒኤስ ይበቃል። ብቻ ዕቃችሁ 12 ቮልት ይሁን 9 ጀርባውን አንብቡ።

ገመድ ላይ አትሰስቱ። ርካሹ «ካት 6» የኔትወርክ ገመድ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። ንጹህ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር 1 ጊጋ ይሸከማል፣ ለናንተ ከበቂ በላይ ነው። ወደ ጓሮው ቤት ግን መዳብ አትዘርጉ። የጅማን የክረምት መብረቅ ታውቁታላችሁ። እዚያ ፋይበር ከሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበርን ከኔትወርክ ገመድ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን፣ በየጫፉ አንድ) ጋር ይሻላል።

ራውተር፦ ማይክሮቲክ ሄክስ ወይስ ቲፒ ሊንክ ኢአር605? ሁለቱም ሁለት የኢንተርኔት መስመር ይይዛሉ፤ ዋይፋይ ግን ሁለቱም የላቸውም፣ ዋይፋዩን የሚረጨው አክሰስ ፖይንት ለብቻ ይገዛል። ማይክሮቲክ ብዙ ነገር ይችላል። ችግሩ፣ የገጠመው ልጅ አዲስ አበባ ከሄደ ማን ይነካዋል? እኔ ለናንተ ኢአር605ን እመርጣለሁ።

ሁለተኛውን መስመር የሳፋሪኮም ሲም ባለው ባለ 4ጂ ራውተር አድርጉት። ከመግዛታችሁ በፊት ሲግናሉን እዚያው ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሞክሩ። ለምን ሌላ ኦፕሬተር? አንድ መስመር በዓመት 1 በመቶ ጊዜ ቢጠፋ ሦስት ቀን ተኩል ያህል ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት መስመሮች አንድ ላይ የሚጠፉበት ጊዜ ግን በዓመት አንድ ሰዓት አይሞላም። ይህ የሚሠራው ሁለቱ የጋራ ነገር ከሌላቸው ነው። ፋይበሩም ሲሙም የአንድ ድርጅት ከሆኑ፣ ወይም ሁለቱም ባትሪ በሌለው አንድ ሶኬት ላይ ከተሰኩ፣ ስሌቱ ፉርሽ ነው።

ሌላ አስተያየት፦ እኔ አልስማማም። እንግዳ ስለ ባትሪ ምን ገደደው? ቪዲዮው ከተንቀራፈፈ ነው የሚያማርረው። ብሩን ፓኬጅ ላይ አውጡ።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ እንግዳው የሚያየው እሱን ነው። ግን አንድ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋ አካባቢ ይበቃዋል፤ አሥሩም ክፍል በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ላይ የሚቀመጥበት ምሽት ብርቅ ነው። በ25 ሜጋ አካባቢ ጀምራችሁ ለእያንዳንዱ እንግዳ የፍጥነት ገደብ አብጁ፤ አለበለዚያ አንዱ ፊልም ሲያወርድ ሌላው ይራባል። ካነሰ ፓኬጁ በማንኛውም ወር ያድጋል። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ገመድ መቀየር ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ጠያቂ፦ ልስኑ የሚጀመረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ለየክፍሉ ስንት ገመድ እናስገባ?

መልስ፦ ሁለት። አንዱ ለቲቪው፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይም ለአክሰስ ፖይንት ገመድ አስወጡ፣ ቱቦውንም ሰፋ ያለ ግዙ።