የሂውስተኑ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሮኬትስ ሲጨንቀው ኳሱን ለማን ይስጥ? (የNBA ደጋፊዎች ወሬ፣ ሜይ 2025)

ሌሊት_ዘበኛ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም የሌሊት ቤተሰብ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል በአላርም ተነስቼ የፕሌይኦፉን (የጥሎ ማለፉን) የመጀመሪያ ዙር ወሳኝ ጨዋታ፣ ጌም 7ን፣ አይቼ አሁን ቡናዬን ይዤ ነው የምጽፈው፣ ደግነቱ ዛሬ የአርበኞች ቀን ነው ስራ የለም እንጂ ቢሮ ብገባ ከሰው ጋር ነበር የምጣላው። በጎልደን ስቴት ዋሪየርስ 103 ለ 89 ተሸንፈን ወጣን! ያውም በሜዳችን፣ ያውም ከ3 ለ 1 ተነስተን 3 ለ 3 ካደረስነው በኋላ። የነሱ በዲ ሂልድ 33 ነጥብ አገባብን፣ እሺ እሱ እንደዛ የሚያብድበት ቀን አለው፣ ይሁን። እኔን ያንገበገበኝ የኛው ነው።

የኛው ጃለን ግሪን ዓመቱን ሙሉ በአማካይ 21 ነጥብ ሲያገባ የነበረ ልጅ ነው። በዚህ ሲሪስ (ከዋሪየርስ ጋር ባደረግናቸው ሰባት ጨዋታዎች) ያገባውን በተርታ ጻፍኩት፦ 7፣ 38፣ 9፣ 8፣ 11፣ 12፣ 8። የስልክ ቁጥር እኮ ነው የሚመስለው። ሸንጉን አለ፣ አሜን ቶምፕሰን አለ፣ ፍሬድ ቫንቭሊት አለ፣ 52 ጌም አሸንፈን ከዌስት (ከሊጉ ምዕራብ ምድብ) 2ኛ የወጣን ቲም ነን፣ ግን ጨዋታው ሲጠብ "በቃ ለሱ ስጡትና ዞር በሉ" የሚባል ሰው የለንም። የድሮ ኮከባችን ጄምስ ሃርደን ከሄደ ጀምሮ የለንም። ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ያ ሰው እዚሁ ውስጥ እያደገ ነው ወይስ ከውጭ መግዛት አለብን? በጨዋ ደንብ መልሱልኝ፣ እንቅልፍ የለኝም።

የሂውስተኑ_ታክሲ፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔ እዚሁ ሂውስተን ነኝ፣ ሜዳ ገብቼ ነው ያየሁት፣ ድምፄ ተዘግቷል። በቲቪ የማይታይ ነገር ልንገርህ። ግሪን ኳስ ሲይዝ ዓይኔን ከሱ አንስቼ ሌሎቹን ነበር የማየው። አሜን ጥግ ላይ ቆሟል፣ ጠባቂው ግን እሱ ጋ የለም፣ ቅርጫቱ ስር ሄዶ ተገትሯል፣ ከሩቅ እንደማያገባ ያውቃላ። ግዙፉ አዳምሳችን ሲገባ ደግሞ የሱም ጠባቂ እዛው ይጨመራል። ስለዚህ ግሪን አንዱን ቢያልፍ ሁለተኛው አለ፣ ሁለተኛውን ቢያልፍ ሶስተኛው፣ የመወርወሪያው ሰዓት 6፣ 5፣ 4 እያለ ይወርዳል፣ ከዛ ወይ ተጣሞ ይወረውራል ወይ ለቫንቭሊት መልሶ ይሰጥና ፍሬድዬ በጭንቅ ይለቃታል። ሰውም አብሮ ነው የሚቆጥረው፣ ሲስት ያ ሁሉ ሕዝብ አንዴ "ኡፍ" ሲል ትሰማዋለህ።

ልጁን ነፃ እያወጣሁት አይደለም። ጌም 2 ላይ 38 ከነካ በኋላ ኳሱን ከእጁ ለማስለቀቅ ሰው ሲደርቡበት መልስ አልነበረውም፣ ያ የሱ ጥፋት ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዓመቱን ሙሉ የኖርነው ስተን መልሰን በምንለቅመው ሪባውንድ ነው፣ በኦፌንሲቭ ሪባውንድ ከሊጉ 1ኛ ነን። ያ የሚያኮራ ነገር ነው፣ ብዙ መሳታችንንም ይናገራል።

ወወክማ_ያሳደገኝ፦
@የሂውስተኑ_ታክሲ ልክ ብለሃል፣ ግን መልሱ ሸንጉን ነው። ገና 22 ዓመቱ ነው፣ በአማካይ 19 ነጥብ ከ10 ሪባውንድ፣ ኦልስታር ሆኗል (ለከዋክብቱ ጨዋታ ተመርጧል)፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያሽከረክርህ ሁለት ሰው መላክ ግድ ነው፣ ሁለት ከላክህ ደግሞ ፓሱ ይገልሃል።

ችግሩ ረጅም መሆኑ ላይ ነው። አስቂኝ ይመስላል አይደል? ስሙኝ። እኛ ሰፈር ግማሽ ሜዳ ላይ እስከ 11 ስንጫወት 10 እኩል ሲሆን ኳስ የምንሰጠው አንድ ልጅ ነበረን፣ ቀጭን፣ ጫማው አፉን የከፈተ፣ ከሁላችንም የተሻለ ተጫዋች አልነበረም። ግን ኳሱን ራሱ ከላይ ይዞ መጥቶ ራሱ ይጨርሳታል፣ የማንንም ፓስ አይጠብቅም። ግዙፉ ጓደኛችን ደግሞ ስር ቆሞ እጁን እያውለበለበ "ወዲህ! ወዲህ!" ይላል፣ ኳሱ ግን መንገድ ላይ ይጠለፋል። ሸንጉን እንደሱ ነው፣ መጀመሪያ ሌላ ሰው ሊያደርስለት ይገባል፣ በመጨረሻው ደቂቃ ደግሞ ያንን መንገድ ነው የሚዘጉት። ጌም 4 ትዝ ይላችኋል? 31 አገባ፣ መጨረሻ ላይ ኳሱ ደረሰው፣ የዋሪየርሱ ድሬይመንድ ላይ ዞረ፣ ሳተ፣ 109 ለ 106 ተሸነፍን። ያቺን ሾት በሁለት ዓመት ውስጥ ያገባታል ባይ ነኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ፦
ሁለት ዓመት ማን ይጠብቃል አቦ። ኬቨን ዱራንትን ከፊኒክስ አምጡና ገላግሉን! የዚሁ የሜሪላንድ፣ የፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ) ካውንቲ ልጅ ነው፣ ስለዚህ አዎ አዳላለሁ። ፊኒክስ ፕሌይኦፍ እንኳን አልገባም፣ የነሱ ድራፍት ፒክ (አዲስ ተጫዋች የመምረጥ ተራ) ደግሞ እናንተ እጅ ላይ ነው ያለው፣ ከዚህ የተሻለ መደራደሪያ የት ይገኛል። 36 ዓመቱ ነው እንዳትሉኝ፣ ዘንድሮም ከ26 በላይ እያገባ ነው የጨረሰው። የሱ ሾት ቦታ አይፈልግም፣ ሁለት ሰው ቢቆምበትም ከላያቸው ይወረውረዋል፣ ታክሲው የነገረን የቅርጫት ስር ወረፋ እሱን አይመለከተውም።

ወወክማ_ያሳደገኝ፦
በምን ትገዛዋለህ ግን? አሜን ከተጨመረበት እኔ የለሁበትም። አሜን ብለን የተቀበልነውን ልጅ መልሰን አንሰጥም 😂

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ፦
አሜን አይነካም። ግሪን፣ ፒኮች እና የደመወዝ ሂሳቡን የሚሞላ አንድ ሰው። ይበቃል።

ቀስ_በቀስ_ኦኬሲ፦
የሰው ቤት ገብቼ ከሆነ ይቅርታ፣ የኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ደጋፊ ነኝ። ኮከባችን ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በ2019 እኛ ጋ ሲመጣ በአማካይ 19 ነበር የሚያገባው፣ ማንም "ይሄ ነው ሰውዬው" አላለም። ከዛ በ2021-22 ወቅት 24 አሸንፈን 58 ተሸንፈናል፣ እኔ ራሴ ማየት አቁሜ ነበር፣ እሱ ግን በየክረምቱ አንድ ነገር ጨምሮ ይመጣል፣ አንዴ መሃል ርቀቷን፣ አንዴ ፋውል ማውጣቱን። ዘንድሮ በአማካይ 32.7 ነጥብ ይዞ በማግባት የሊጉ አንደኛ ነው፣ እኛም 68 አሸንፈናል። ግሪን 23 ዓመቱ ነው። ልጁን ከመሸጣችሁ በፊት በየዓመቱ እየጨመረ ነው ወይስ ያው ነው የሚለውን እዩ። እየጨመረ ከሆነ ትጸጸታላችሁ።

የሂውስተኑ_ታክሲ፦
እሱ ላይ ነው ልቤ የሚፈራው ወንድሜ። አራት ዓመት አየሁት፣ አንድ ወር እሳት ይሆናል፣ የሚቀጥለው ወር ይጠፋል። ዘንድሮ 82ቱንም ጌም ተጫውቷል፣ ሰነፍ አይደለም። ግን ነገ ማታ ምን እንደሚያመጣ አሁንም አላውቅም።

ሌሊት_ዘበኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጠዋት ላይ ግሪንን ልሸጥ ነበር የተነሳሁት፣ አሁን የጥጉን ቦታ ነገር ሳነብ ግማሽ ልቤ ተመለሰ። ሰውዬው የግድ ይምጣ ከተባለ ግን በሲልቨር ስፕሪንጉ ሂሳብ ይሁን፣ ሸንጉንና አሜን ይቅሩልኝ፣ የሚሰዋው ዕድሜ የዱራንት እንጂ የነሱ አይሁን።

@ቀስ_በቀስ_ኦኬሲ ያንተ ልጆች ከዴንቨር ጋር ዛሬ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ናቸው አይደል? ነገ ስራ አለኝ። አላርሙን ሞልቼዋለሁ።