ተጠርጣሪን በቴሌቪዥን ማናዘዝ ይፈቀዳል?

ጠያቂ፣ ደሴ ሸዋበር፦ የወንጀል ዝግጅቶችን አዘውትሬ እከታተላለሁ። የሚያሳስበኝ ገና ክስ ያልተመሠረተበት ሰው ፊቱ እየታየ ድርጊቱን እንዲተርክ መደረጉ ነው፤ እንዲህ ያለው ንግግር በፍርድ ቤት እንደ እምነት ቃል ይቆጠራል?

መልስ 1፣ ደሴ ፒያሳ፦ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ይሰጠዋል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት የእምነት ቃልን የሚመዘግበው በፈቃደኝነት የተሰጠ መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው። በካሜራ ፊት የተነገረው ይህን ሥርዓት አይተካም። ለጎረቤት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሥርጭት ፍርድ ነው።

መልስ 2፣ ኮምቦልቻ፦ በሕጉ እስማማለሁ፤ ሆኖም ዝግጅቶቹን በጅምላ መንቀፍ አይገባም። በስልክ ደውለው «ሽልማት ደርሶዎታል» እያሉ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች እንዴት እንደሚሠሩ እናቴ የተረዱት ከሬዲዮ ነው። ይህን ለማስተማር የማንም ፊት መታየት አላስፈለገም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ተጠርጣሪው በነጻ ቢሰናበትስ ጣቢያው ውሳኔውን በዚያው ሰዓት የማሰማት ግዴታ የለበትም?

መልስ 1፦ ጋዜጠኝነቱ ያስገድደዋል ባይ ነኝ። ቤተሰቡ የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ ለጣቢያው በጽሑፍ ቢያመለክት ይሻላል፤ በቃል የቀረበ አቤቱታ በቀላሉ ይረሳል።