«ደማቅ» ሲባል የበራ ነው ወይስ የጠለቀ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የአንድን የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ትእዛዞች ወደ አማርኛ ስመልስ አንድ ቃል አስቸግሮኛል። ምስሉን የሚያበራውንም፣ ቀለሙን የሚያጎላውንም ትእዛዝ «ድምቀት» ብያቸው ሁለቱ ተምታቱብኝ። ቃሉ ለየትኛው ይገባል?

መልስ፦ ጠያቂያችን ያነሡት ነገር በእርግጥ ሊለይ የሚገባው ነው። የአንድ ቃል ትርጉም ከተቃራኒው ይታወቃልና፣ ከቀለም ጋር ሲነገር የ«ደማቅ» ተቃራኒ «ፈዛዛ» እንጂ «ጨለማ» አለመሆኑን እናስተውል። ብዙዎቻችን ጠለቅ ያለውን ሰማያዊ «ደማቅ ሰማያዊ»፣ የነጣውን ደግሞ «ውሃ ሰማያዊ» እንላለን፤ በስክሪን ላይ ግን ብዙ ብርሃን የሚያወጣው ውሃ ሰማያዊው ነው።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። በተለመደው የዲጂታል ምስል፣ ምስሉ የተሠራበት እያንዳንዱ ትንሽ ነጥብ (ፒክስል) የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኑ ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ስለሚመዘገብ፣ በድምሩ 16,777,216 ቀለሞች ሊገለጹ ይችላሉ። ቀይ 255 ሆኖ ሌሎቹ 0 ሲሆኑ ንጹሕ ቀይ እናገኛለን። ሌሎቹን ሁለቱን ወደ 128 ብናሳድጋቸው ነጥቡ ይበራል፣ ቀለሙ ግን ይፈዛል፤ ይህንን ደማቅ የሚል አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ «ድምቀት» ለቀለሙ ጉላት፣ «ብሩህነት» ለብርሃኑ ቢሰጥ እመርጣለሁ።

ሌላ አባል፦ «ደማቅ ብርሃን» እንል የለምን? ይህስ ከአተረጓጎምዎ ጋር እንዴት ይስማማል?

መልስ፦ መልካም ተቃውሞ ነው፤ ነገር ግን ሐሳቡን የሚያፈርሰው አይመስለኝም። ጨዋታ ደመቀ፣ እሳት ደመቀ ስንል ነገሩ በራሱ ባሕርይ ሞላ፣ ጎላ ማለታችን ነው። ብርሃን ሲደምቅ ብርሃንነቱ ይሞላል፤ ቀይ ሲደምቅ ቅላቱ ይሞላል እንጂ የግድ አይበራም።

ብሩህነት ብቻውን የቀለም ስም እስከ መለወጥ እንደሚደርስም መታወቅ አለበት። ቀይ 255፣ አረንጓዴ 128፣ ሰማያዊ 0 የሆነ ነጥብ ብርቱካናማ ነው፤ ቁጥሮቹን በግማሽ ስንቀንሳቸው፣ የቀይና የአረንጓዴው ምጣኔ ሳይለወጥ፣ ቡናማ የምንለውን እናያለን።

ስለ ቀለም ሥራ ስንናገር «መለየት»፣ «ማመሳሰል» እና «ማስማማት» የሚሉትንም ቃላት እንደ «ድምቀት» ባንቀላቅላቸው እወዳለሁ። መለየት የነጥቡን ቁጥሮች ማንበብ ነው፤ ማመሳሰል ያንኑ ቀለም በሌላ ምስል ላይ ማምጣት ነው፤ ማስማማት ግን የተለያዩ ቀለሞች አብረው እንዲያምሩ መምረጥ ነው። ለማመሳሰል የፈለገ ሰው አንድ ነጥብ ብቻ ባያነብ ይሻለዋል፤ ምስል ጄፔግ (JPEG) በተባለው የፋይል ዓይነት መጠኑ እንዲያንስ ሲታመቅ የጎረቤት ነጥቦች ቀለም በመጠኑ ስለሚዛባ፣ የጥቂት ነጥቦችን አማካይ መውሰድ የበለጠ ያስተማምናል።